ጠራ ወይስ ታፈነ

ሴትዮዋ ያን ዕለት ጠዋት ከመኝታ ክፍሏ ሳትወጣ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ ስትፈልግ፣ ባሏና የባሏ እህት ወጥ ቤት ቆመው ስለ እሷ ሲነጋገሩ ሰማቻቸው። በሹክሹክታ አልነበረም። ዋርሳዋ ድምጿን ዝቅ የማድረግ ልማድ የላትም፤ በዚያ ላይ ጆሮዬ ይጮሃል የሚል ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስላታል።

«ክኒኑ ለውጥ አለው ትላለች?» አለች ዋርሳዋ።

«እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኳትም» አለ ባሏ።

«ፋርማሲስታችንን ጠየቅኩት። ለሰውነት ክፋት የለውም፣ ለጩኸቱ ግን የሚያደርገው ነገር የለም አለኝ። ቅጠሉም፣ ዚንኩም፣ ሁሉም ያው ነው አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው?»

«ባዶ እጄን ልምጣ? ልጅቷ እስክትመረቅ ትያዝበት። እድናለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሥራ አይተውም። እሷ ሥራ ከተወች አንተ በዚህ ወገብህ ምን ልትሆን ነው?»

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ። ባሏ «ድምፅሽን ቀንሺ» አላት።

«አትሰማም እኮ።»

ሁለተኛውን ጫማ አልጋው ሥር አገኘችው። አጠለቀችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ንዴት ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ አልመጣም። ዕንባ ይኖር እንደሆነ ራሷን ታዘበች፤ እሱም የለም። ደንዝዞ እንደተኛ እግር፣ ልቧን ብትቆነጥጠው የሌላ ሰው ልብ የሆነ ያህል ነበር። የታሰባት ነገር ቢኖር አሥራ ሁለት ተኩል ማለፉና የሠራተኛ አውቶቡስ ማንንም እንደማይጠብቅ ብቻ ነው። ተነሥታ ወጣች። ዋርሳዋ ጉንጯን ሳመቻት፣ «አምሮብሻል» አለቻት፣ ከቦርሳዋም አዲሱን የዚንክ ጠርሙስ አውጥታ ክዳኑን ራሷ ከፈተችላት። ዋርሳዋ የምትሠራበት ፋርማሲ ለሠራተኞቹ ትንሽ ይቀንስላቸዋል፤ ቢሆንም አንዱ ጠርሙስ የልጅቷን የሳምንት ቀለብ ይችላል። ሴትዮዋ ዋጋውን ታውቀዋለች፤ ዋርሳዋም እንደምታውቀው ታውቃለች፤ ሁለቱም አያነሡትም። «ከምግብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል» አለች ዋርሳዋ ጮክ ብላ፣ ቃሉን እየከፋፈለች። ሴትዮዋ ዳቦ ቆርሳ ክኒኑን ዋጠችው። ወዲያው አፏ ውስጥ ቁልፍ የላሰች ያህል የብረት ጣዕም መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ባሏ የሻይ ብርጭቆውን እያየ ነበር። አላያትም።

ጆሮዋ መጮህ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ ለባሏ ስትነግረው «በየትኛው ነው? በቀኝ ከሆነ እያመሰገኑሽ ነው፣ በግራ ከሆነ እያሙሽ» ብሎ ሳቀ። በሁለቱም ነው አለችው። «እንግዲያው በአንቺ ጉዳይ ተጣልተዋል ማለት ነው» አለ። ለጎረቤት ብትነግር ጎረቤት «ማን አንስቶሽ ይሆን?» አለች። ለልጇ በስልክ ብትነግር ልጇ «እኔ ነኛ፣ ቀኑን ሙሉ ስምሽን ስጠራ እውላለሁ» ብላ ቀለደች። ይኼ የእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፤ ራስ ሲያም በሽታ ነው፣ ጆሮ ሲጮህ ግን ወሬ ነው። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ በትንሽ መብራት አየና ጆሮሽ እንደ ሕፃን ጆሮ ንጹሕ ነው አላት። መድኃኒት የለውም፣ ይለመዳል፣ ጩኸት ካለበት ቦታ ራቂ። ሥራዬ ጩኸት ያለበት ነው ብትለው «እንግዲያው ጥጥ አድርጊበት» አለ። ጥጥ የገባበት ጆሮ ለእሷ ሥራ እንደማይሆን አልነገረችውም። ክኒኑን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ማግኒዥየሙ ሆዷን አላላው። ቢ ትዌልቭ የሚሉት ቀይ ክኒን ምንም አላደረጋት፤ እንቅልፏን ብቻ አራቀው፣ ወይም እንዳራቀው አሰበች። ከዛፍ ቅጠል የተሠራው ክኒን ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷን አደማትና ደሙን እያየች የራሷን ቀብር እስከ ለቀስተኛው ድረስ አሰበችው። ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው፤ ስልክ ቢጠራ ሬሳ፣ በር ቢንኳኳ ፖሊስ ይታያታል። ክኒኑን ግን አላቋረጠችም። ጠርሙሱ ላይ የሠላሳ ቀን፣ የስልሳ ቀን ተብሎ ተጽፏል፤ እሷም ይኼ ጠርሙስ እስኪያልቅ፣ እስኪሠራ ድረስ፣ ትል ነበር። ይኼ «እስኪሠራ ድረስ» የሚለው ቃል ነው ሰባት ወር አፏን የዘጋው።

የምትሠራው የሴራሚክ ኩባያና ሳህን ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዋ መምታት ነው። ከምድጃ የወጣውን ኩባያ ግራ መዳፏ ላይ ታስቀምጥና ጣት በምታህል የእንጨት መዶሻ ጠርዙን ነካ ታደርገዋለች። ደህና የሆነው ይጠራል፤ ድምፁ ረዘም ብሎ፣ ቀጥኖ ይሄዳል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ይታፈናል፤ አፉን ትራስ ውስጥ ቀብሮ እንደሚናገር ሰው ነው። የጠራው ወደ ቀኝ፣ የታፈነው ወደ ስባሪ ሳጥን። በቀን ሁለት ሺህ ኩባያ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ፈርዳ የሳተችበት ቀን ስላልነበረ ዳኛዋ ይሏታል፤ ስሟን የሚያውቁት ደመወዝ ክፍል ያሉት ብቻ ናቸው። ችግሩ፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ ያንኑ የደህና ኩባያ ድምፅ መሆኑ ነው። ክፉ ዕድል ካልሆነ በቀር ከዓለም ድምፅ ሁሉ ያን ምን አስመረጠው? ሰባት ወር ሙሉ አንድ ኩባያ ተመትቶ ጥሪው ሳያልቅ እዚያው የቀረ ይመስላል። ማሽኑ ሲጮህ ይደበቃል፤ ጸጥ ሲል ግን እንደ አዲስ የተመታ ያህል ብድግ ይላል። ስለዚህ የምትመታው ኩባያ ሁሉ ለእሷ ይጠራል።

እስካሁን ያተረፋት መዳፏ ነው። ደህናው ኩባያ ሲመታ መዳፍ ላይ ይንዘረዘራል፤ ስንጥቁ ወዲያው ይሞታል። ይህን ልዩነት በሁለተኛው ወር አገኘችው፤ ከዚያ ወዲህ የምትሰማው በቆዳዋ ነው። የምትፈራውን ያህል ሳይደርስባት ቆየች። ከዚያ የጓንቱ ሳምንት መጣ። የደኅንነት ክፍል ጎማ የተቀባ ጓንት አመጣ፤ ፎርማኑም እየዞረ «ያላጠለቀ ይቀጣል» አለ። አምስት ቀን በጓንት መታች። አምስት ቀን ሁሉም ኩባያ ጠራ። በስድስተኛው ቀን ሠራተኛው ኩባያ እያዳለጠው መስበሩ ስለበዛ ጓንቱ ተሰብስቦ ተመለሰ። ያ ከሆነ ወር ተኩል ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ኩባያ ወደ አፉ ሲያነሣ እያየች ትነቃለች።

ያን ዕለት ከአውቶቡስ ወርዳ ስትገባ ጠረጴዛዋ አጠገብ ሦስት ሳጥን ተደርድሮ አገኘች። ፎርማኑ አንዱን ከፍቶ እያየ ነበር። ከእሷ ጋር በአንድ ወር የተቀጠረ ሰው ነው፤ ያኔ ጋሪ ይገፋ ነበር፣ አሁን ጋሪ የሚገፉትን ይቆጣል።

«ከሆስፒታል የተመለሰ ነው» አላት። «ሃያ ሦስት ስንጥቅ። አንዱ ታማሚ እጅ ላይ ቂጡ ወልቆ ሻዩ ታፋው ላይ ፈሰሰ።»

«ምን ሆነ?»

«ቆዳው ተላጠ። ይድናል አሉ።»

«ልጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ታማሚ ነው።»

ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። ቀኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ በየትኛው ጠረጴዛ እንዳለፈ አይናገርም። ቀኑ የጓንቱ ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሰባት ወር የፈራችው ነገር መጥቶ በካርቶን ታሽጎ ፊቷ ተቀምጧል፤ እሷ የሚሰማት የብረቱ ጣዕም ብቻ ነው። ፎርማኑ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ በአገጩ ጠቆመ። «አንቺ ሃያ ሁለት ዓመት። እሷ ስምንት ወር። ይኼ ሒሳብ ጠመኔ አይፈልግም።»

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው ሴት የሁለት ልጆች እናት ናት። ስምንት ወር ሠርታም እስካሁን አዲሷ ነው የሚሏት። ከዚህ በፊት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር፤ እዚህ ስትመጣ ከደረቅ ነገር ጋር መሥራቱ ብቻ በቃኝ ብላ ነበር። ስትመታ ለኩባያዎቹ ታወራለች። የታፈነ ሲያጋጥማት «ይኼ ደግሞ ጉንፋን ይዞታል፣ ተመለስና ተኛ» ብላ ወደ ስባሪው ታስተኛዋለች። ዳኛዋ ይህን ወሬዋን መጀመሪያ አትወደውም ነበር። በኋላ ግን ትጠቀምበት ጀመር፤ መዳፏ ሲያጠራጥራት ኩባያውን ለአዲሷ ታቀብልና «እስቲ ይኼን አንቺ ፍረጂ፣ ልይሽ» ትላታለች፣ ልታስተምራት እንደፈለገች ሁሉ። አዲሷም ደስ እያላት ትመታለች። ታዲያ በጓንቱ ሳምንት ፎርማኑ መሐላቸው ሲመላለስ ስለነበር ማቀባበል አልቻሉም።

አራት ሰዓት ላይ ለሻይ እረፍት ማሽኑ ቆመ። ፎርማኑ የተወሰነው ነገር ሰው ፊት እንዲሆን ፈልጎ ሠራተኛውን ከመበተኑ በፊት አስቆመው። ስድስት ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ ከተመለሰውና ከዛሬው አደባልቆ። አዲሷን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞራት። «ዳኛዋ ትመታለች፣ አንቺ ትናገሪያለሽ» አለ። ሰው ተሳሳቀ። የምድጃው ሰውዬ «ለፈተናው ስንት ሰዓት ተሰጥቷታል? ቀለም ይዛለች?» አለ። አዲሷ ግድግዳውን እያየች «ከዞርኩ መኮረጅ የለም ማለት ነው» አለች፣ ድምጿ ግን ቀጥኗል። ማሽኑ በመቆሙ የዳኛዋ ጆሮ በሙሉ ኃይሉ ተነሥቶ ይጮሃል። የመጀመሪያውን ኩባያ መዳፏ ላይ አስቀምጣ መታችው። ለእሷ ጠራ። መዳፏ ውስጥ ግን ሞተ።

«ታፈነ» አለች አዲሷ።

ሁለተኛው፣ ጠራ። ሦስተኛው፣ ጠራ። አራተኛው፣ ታፈነ። አምስተኛውን ስትመታ መዳፏ አልቦታል፤ ይንዘርዘር አይንዘርዘር አልለየችውም። አዲሷ ትንሽ ዘግይታ «ታፈነ፣ ግን ትንሽ ነው፣ ከእጀታው በኩል ነው» አለች። ስድስተኛው ጠራ። ፎርማኑ ወደ ዳኛዋ ዞረ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «ልክ ናት?» አላት። አምስተኛውን አንሥታ በጥፍሯ እጀታው ሥር ዳሰሰችው፤ ጸጉር የመሰለ ነገር ነካት። «ልክ ናት» አለች። «ስድስቱንም።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። አዲሷ ዞረች፣ ፊቷ ቀልቷል፤ በቀሚሷ እጇን እየጠረገች ለሁሉም ፈገግ አለች። ፎርማኑ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ እንደ ክፉ ሰው ሳይሆን የሕጉን አንቀጽ እንደሚያነብ ሰው ሆኖ ለአዲሷ ተናገረ። «ጆሮሽ የማይሰማ ቢሆን ኖሮ የጤና ጉዳይ ነው፣ ወደ ማሸጊያ ክፍል ትዛወሪ ነበር። የምትሰሚ ከሆነ ግን እየሰማሽ ነው ያሳለፍሽው። ይኼ ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነት ስንብት ነው። ደብዳቤው ከምሳ በኋላ ይተየባል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበታል።» አዲሷ ፈገግታዋን ፊቷ ላይ ረስታው ቆመች። ሰው አንድ በአንድ ወደ ሻዩ ሄደ፤ ለጸብም ሆነ ለሐዘን ያላቸው ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ዳኛዋ ፎርማኑን መተላለፊያው ላይ ደረሰችበት። ምን እንደምትለው አልተሰናዳችም። ክኒኑ እስኪሠራ ብላ እንዳትጠብቅ ክኒኑ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አይሠራም። ማሸጊያ ክፍል ማለት ሳጥን ማንሣት ነው፤ በሃምሳ ዓመቷ ስንት ወር ታነሣለች? የመቺነት አበሏ ይቀራል። በአበሉ ነው የልጇ የቤት ኪራይ የሚከፈለው፤ ሊመረቁ አራት ወር ሲቀራቸው ተምረው ተምረው የሚያቋርጡ ልጆች እንዳሉ ሰምታለች፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ ትሰማለች። ደግሞ ማን ማሸጊያ ይሰጣታል፣ ሰባት ወር ደብቃ? ይህን ሁሉ እያወቀች አፏ በራሱ ተከፈተ።

«ጆሮዬ ይጮሃል» አለችው።

ፎርማኑ ቆመና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ሳይጮህ ይቀራል? ከጠዋት ጀምሮ ቢሮው በሙሉ ስምሽን ሲያነሣ ነው ያረፈደው። ግን በክፉ አይደለም፣ አትጨነቂ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ እሷ ናት ያሳለፈችው የሚል ካለ ፊቴ አይቁም ብሏል።»

«እሱን አይደለም። አልሰማም እኮ ነው የምልህ።»

«አትስሚ። ደግ አደረግሽ። የሰው ወሬ የሰማ ጎጆ አይሠራም። የእሷንም ጠረጴዛ ለጊዜው አንቺ ትይዢያለሽ፤ ትርፍ ሰዓት ይታሰብልሻል።» ሄደ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ከዚህ የበለጠ በአማርኛ እንዴት ይባላል? ጆሮዬ ይጮሃል አለች፣ ሐሜት ሆነ። አልሰማም አለች፣ ጨዋነት ሆነ። ሳታስበው አንድ የእፎይታ ነገር ሆዷ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማት፤ ተናግሬያለሁ፣ ከእንግዲህ ያልሰማ ይጠየቅ፣ የሚል። በእፎይታው አፈረች። ኀፍረቱም እንደ ሌላው ሁሉ ከሩቅ ነበር የመጣው።

ምሳ ሰዓት ላይ አዲሷ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጠበቀቻት። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛለች፤ እንቁላሉን እየላጠች፣ ቅርፊቱን ጉልበቷ ላይ ትደረድራለች። «ይቀመጡ እንጂ እትዬ፣ አልነክስም» አለቻት። ዳኛዋ ተቀመጠች።

«ሰምቼ ተባረርኩ» አለች አዲሷ። «እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ አትሰሚም እያለች ነበር የምትመታኝ። ዛሬ ብታይልኝ።»

ዳኛዋ መሳቅ እንዳለባት አውቃ ከንፈሯን አነቃነቀች።

«ለእርስዎ ግን እግዜር ይስጥልኝ። ስድስቱንም ልክ ናት ብለው መሰከሩልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ፎርማኑ ያጋድል ነበር።» እንቁላሉን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ዘረጋችላት። «አሳልፌ ይሆን እንዴ እላለሁ። ሌሊት ትንሹን ልጄን ሲያስለው ሲያድር በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እየሰማሁ ሐሳቤ ሌላ ጋ ሆኖ ይሆን? ያ ሰውዬ ታፋው የተቃጠለው፣ በእኔ ነው?»

«በአንቺ አይደለም።»

«በምን አወቁ?»

ዳኛዋ ግማሽ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ከተተችው። አፏ የሞላ ሰው አይመልስም። ያኔ ነው ስልኳ የጠራው፤ ልጇ ናት። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ልጇ መኪና ገጭቷት ሌላ ሰው ስልኳን አንሥቶ እየደወለ ነው የሚል ነበር። አልነበረም። የመመረቂያ ልብስ መለካት ጀመርን አለቻት፣ ኮፍያው ለጭንቅላቴ ጠበበኝ አለቻት፣ የአከራይዋ ውሻ ወለደ አለቻት። ከዚያ ጥቂት ዝም ተባባሉ፤ በስልክ ዝም ሲባል የዳኛዋ ጆሮ ያን ክፍተት ወዲያው ይሞላዋል።

«ጆሮሽስ?» አለች ልጅቷ። «አባዬ አክስቴ አዲስ ክኒን አመጣች አለኝ። እየሠራ ነው?»

«እየሠራ ነው» አለች እናትየው።

«አላልኩሽም? በይ ቻው።»

ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። አጠገቧ አዲሷ ቅርፊቱን ከጉልበቷ በእፍኟ ሰብስባ በወረቀት ጠቀለለችው። ስለ ጆሮው አልጠየቀቻትም። ሰምታ ይሁን ሳትሰማ አይታወቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰው ስለ እሱ ሌላው ምን እንደሚያውቅ መቼም አይሰማም። «እቃዬን ልሰብስብ» አለች አዲሷ ተነሥታ። ከዚያ፣ ከሁለት እርምጃ በኋላ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆም አለች። «ያ ከእጀታው በኩል ያለው ስንጥቅ፣ አምስተኛው» አለች፣ «እርስዎ እስኪዳስሱት ድረስ ልክ ይሁን ስሕተት አላወቁም ነበር፣ አይደል?» መልስ አልጠበቀችም። በክስ ድምፅ አልነበረም የተናገረችው። ኩባያዎቹን ጉንፋን ይዞታል በምትልበት ድምፅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቆማ መታች። የራሷን ትመታለች፣ ዞር ብላ የአዲሷን ትመታለች። አዲሷ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ደብዳቤዋን ትጠብቃለች። ዳኛዋ አንድ ሳጥን ሞላች፣ ሁለተኛውን ጀመረች። ወደ ሆስፒታል ነው የሚሄደው፣ ለተመለሰው ምትክ። መዳፏ ከጠዋት ጀምሮ እያላበው ነው፣ ዚንኩ ይሁን ፍርሃቱ አታውቅም፤ ኩባያው ይንዘረዘራል ወይስ የእሷ እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው? ቁጭ ብላ ብታስበው የሚያባራ አልመሰላትም። ይኼን ሳጥን የሚከፍተው ሰው ታያት፤ ነርስ ናት፣ ቸኩላለች፣ ፊት ለፊት ካገኘችው ኩባያ ውስጥ የፈላ ሻይ ትቀዳለች፣ ለአንድ ልጅ ትሰጠዋለች። የሌሊቱ ሰው ፊት አልነበረውም፤ ይኼ ልጅ ግን አለው። መዶሻዋን አስቀመጠች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ከተመለሰው ሳጥን አንድ፣ ከዛሬው ደግሞ አንድ ኩባያ አነሣች፣ መዶሻዋንም በሌላ እጇ ያዘች።

የፎርማኑ ቢሮ ከሥራው ወለል በመስታወት የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ሲዘጋ የማሽኑ ድምፅ ውጪ ይቀራል። ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤውን ትተይባለች፤ ሻዩ አጠገቧ ቀዝቅዟል። ዳኛዋ ስትገባ መተየቧን አቆመች። ፎርማኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያት። «ምነው? ማሽኑ ቆመ?»

ሁለቱን ኩባያዎችና መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹ መካከል አስቀመጠች። አንዷ ወረቀት ላይ ውሃ ጠብ አለ፤ ከእጇ ነው።

«እኔንም ጠይቀኝ» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«እሷን እንደጠየቅካት። ምታና ጠይቀኝ።»

«ዳኛዬ፣ ደክሞሻል። ሁለት ጠረጴዛ አብዝቼብሻለሁ መሰለኝ፤ ነገ ሰው አመጣለሁ።»

«ምታ» አለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግድግዳው ላይ የእሳት አደጋ መመሪያ ተለጥፏል፤ ጥግ ጥጉ የተቃጠለ ይመስል ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ደወሉን ይጫኑ፣ ይላል። ሁለተኛውን መስመር ልታነብ ሞከረች፣ ዓይኗ አልያዘላትም። ከኋላዋ ጸሐፊዋ ወንበሯን አንቀሳቀሰች። ፎርማኑ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ፣ መነጽሩን ሲያወልቅ ቀጭ አለ። ከዚያ ጸጥ አለ። ኩባያ ከእንጨት ላይ ሲነሣ የሰማች መሰላት። ጆሮዋን አቀናች፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንዳደረገችው ትንፋሿን ያዘች፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች። ድምፁ መጣ። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም፤ ክፍሉን ሞልቶ ቀስ እያለ ሄደ።

«ጠራ» አለች።

ከኋላዋ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

«ገና አልመታሁም» አላት።